ቤት የሚነድፍ ሰው መጀመሪያ ማንን ይጠይቅ?

ሥዕል ከሚወዱ ተማሪዎች መካከል «ወደፊት የቤት ንድፍ ባለሙያ መሆን እፈልጋለሁ» የሚሉ አይጠፉም። ደግ ምኞት ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ሙያውን የሚያስቡት በእርሳስና በማስመሪያ ተጀምሮ የሚያልቅ፣ ያማረ መልክ የማውጣት ጥበብ አድርገው ነው። ቤት ግን እናት የምታበስልበት፣ እንግዳ የሚያርፍበት፣ ልጅ የሚያጠናበት፣ የቤተሰብ ገበና የሚሸፈንበት ነው። ታዲያ ንድፉ ከየት ይጀምራል? ለዚህ ጥያቄ የግብፃዊውን አርክቴክት የሐሰን ፈትሒን ሥራ መመልከቱ ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል።

ሐሰን ፈትሒ እ.ኤ.አ. በ1900 በእስክንድርያ ተወልደው በ1926 ካይሮ ውስጥ በአርክቴክትነት ተመረቁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ብረትና እንጨት ሲጠፋ፣ የአገራቸው ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ወደሚገነባበት የጭቃ ጡብ ፊታቸውን መለሱ። ግድግዳው አላስቸገረም፤ ያስቸገረው ጣራው ነበር። ከጭቃ ጡብ ቅስት ጣራ ለመሥራት እስኪደርቅ የሚሸከም እንጨት ያስፈልጋል፤ ያለ ድጋፍ ያሠሩት ጣራ ተደረመሰባቸው።

መፍትሔውን ያገኙት ከመጽሐፍ አልነበረም። በ1941 ወደ አስዋን ተጉዘው የኑብያ ግንበኞች ያለ አንዳች የእንጨት ድጋፍ ጣራ እንደሚሠሩ ተረዱ። ግንበኞቹ የመጀመሪያውን ረድፍ ጡብ በኋለኛው ግድግዳ ላይ ዘንበል አድርገው ያስደግፉታል፤ ተከታዩ ረድፍ ደግሞ በፊተኛው ላይ ይደገፋል። ጡቡም ጭድ ስለሚበዛበት ቀላል ነው። የዩኒቨርሲቲው ምሩቅ ከመንደር ግንበኛ ሥር ቁጭ ብለው ተማሩ ማለት ነው።

በ1945 የግብፅ መንግሥት በሉክሶር ማዶ በጥንታዊ መቃብሮች ላይ ይኖሩ የነበሩትን የጉርና መንደር ነዋሪዎች፣ ወደ 7000 የሚጠጉ ሰዎችን፣ ለማዛወር ወሰነ። የአዲሱን መንደር ንድፍ እንዲያወጡም ሐሰን ፈትሒ ተመረጡ። እርሳቸው አንድ ፕላን ነድፎ በየመሬቱ መደጋገምን አልወደዱም። በመጀመሪያ ዘመዳሞች ተጠጋግተው እንደሚኖሩ አስተዋሉ፤ በመሆኑም ተዛማጅ ቤተሰቦች በአንድ ትንሽ አደባባይ ዙሪያ እንዲሰፍሩ አደረጉ። ቀጥሎም ፀሐዩንና ነፋሱን አጠኑ። ውስጠ ግቢው የሌሊቱን ቀዝቃዛ አየር ይይዛል፤ ቤተሰቡንም ከመንገደኛ ዓይን ይሰውራል። ከጣራ በላይ ወደ ነፋሱ የተከፈተ ማማም አየሩን ወደ ክፍል ያወርዳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም መንደሩ አልተፈጸመም። ከሦስት የሥራ ወቅቶች በኋላ ግንባታው ተቋረጠ፤ አብዛኛው ነዋሪም ለመዛወር እምቢ አለ። እንጀራው በቱሪስትና በጥንታዊው ቅርስ ላይ የተመሠረተ ስለነበር አዲሱ ቤት ምንም ያህል ቢያምር ኑሮውን አይተካለትም ነበር። ከዚህም በላይ፣ በቤቱ ጉዳይ ከወንዶቹ ይልቅ የሚመለከታቸውን ሴቶች ለማነጋገር አለመቻሉን ፈትሒ በመጽሐፋቸው አዝነው ጽፈዋል። መጽሐፉ በ1973 በአሜሪካ ታትሞ ዝናቸውን በዓለም አናኘው፤ በ1980ም የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ልዩ የሊቀ መንበር ሽልማት ተሰጣቸው። በ1989 ካይሮ ውስጥ አረፉ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ለየቤታችንም ይሠራል። በእኛ አገር ብዙ አባወራ ከሰው ቤት ያየውን ፕላን ይዞ ወደ ግንበኛ ይሄዳል። ሳሎኑ በዓመት ጥቂት ቀን ለሚመጣ እንግዳ ይሰፋል፤ እናት ቀኑን ሙሉ የምትውልበት ወጥ ቤት ግን ጓሮ ውስጥ ጨለማና ጭስ ይበዛበታል። ፕላን ከመውጣቱ በፊት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቢመካከር፣ ማን በየትኛው ሰዓት ምን እንደሚሠራ ቢዘረዘር ወጪ የለውም። ግድግዳ ማፍረስ ግን ወጪው ብዙ ነው።

ሙያውን የምትመኙ ወንድሞችና እህቶችም ከዛሬ ጀምሩ። የራሳችሁን ቤት በሜትር ለኩ፤ ፀሐይ በጧትና በማታ በየት በኩል እንደሚገባ መዝግቡ፤ ግንበኛ ሲሠራ ቆማችሁ ጠይቁ። ከዚያም እናታችሁን «ከዚህ ቤት ምኑ ያደክምሻል?» በሏት። ከመልሷ ተነሥታችሁ አንዲት ክፍል ንደፉና አሳዩአት፤ ካልተስማማት አርሙት።