«እንኳን ለ2006 አደረሳችሁ» የሚለው ገጽ

ቀድሞ እሠራበት በነበረ ድርጅት ኢንትራኔቱን ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የአደይ አበባ ሥዕል ነበር። ሥሩ ላይ «እንኳን ለ2006 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ» ይላል። እኔ የተቀጠርኩት በ2012 ነው። ሥዕሉን ለማንሳት የሚያስችለውን ፓስወርድ ያውቅ የነበረው ልጅ ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል፤ የተካው ደግሞ «ይሠራል አይደል? ካልነካነው አይበላሽም» ባይ ነበር።

በገባሁ ሰሞን የዓመት ፈቃዴ ስንት ቀን እንደሆነ ለማየት ፈለግሁ። ሦስት ሰነድ መጣልኝ። የመጀመሪያው በአዋጅ ቁጥር 377/1996 መሠረት 14 የሥራ ቀን ይላል። ሁለተኛው ያው ራሱ ነው፤ ስሙ ላይ ብቻ «ፋይናል» የሚል ተጨምሯል። ሦስተኛው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወጣ በኋላ የተዘጋጀ ሲሆን 16 ቀን ይላል። ትክክለኛው እሱ ነበር፤ የመጣው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ለእኔ ልዩነቱ ሁለት ቀን ነው። አጠገቤ ለምትሠራው ነፍሰ ጡር ባልደረባዬ ግን የወር ጉዳይ ነበር፤ ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ በአሮጌው አዋጅ 60፣ በአዲሱ 90 ቀን ነውና።

ኢንትራኔት የድርጅት የውስጥ ድረ ገጽ ነው፤ ከውጭ ያለ ሰው አያየውም። መዝገብ ቤት፣ የማስታወቂያ ሰሌዳና የስልክ ማውጫ አንድ ላይ ተሰፍተው ኮምፒውተር ላይ የወጡ ያህል አስቡት። መመሪያ፣ ሰርኩላር፣ ቅጽ፣ ቃለ ጉባኤ፣ አንዳንዴም የካፌው የምሳ ዝርዝር ይቀመጥበታል። በብዙ ድርጅቶች የተገነባው ማይክሮሶፍት በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሼርፖይንት ላይ ነው። ከሱ በፊት በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው ሎተስ ኖትስ ነበር፤ እሱን ዛሬም ያልለቀቁ አሉ።

አሮጌውን መልቀቅ የሚያስፈልገው መልኩ ስላረጀ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተቻኮልን ነበር። ጉዳዩ የጥገና ነው። የሼርፖይንት 2013 ድጋፍ ሚያዝያ 3 ቀን 2015 አብቅቷል። የ2016 እና የ2019 ዕትሞች ቀነ ገደብ ደግሞ በፈረንጆች ጁላይ 14 ቀን 2026፣ በእኛ ሐምሌ 7 ቀን 2018 ነው። ድጋፍ አበቃ ማለት ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍነው የለም ማለት ነው። በሐምሌ 2017 «ቱልሼል» የተባለው ጥቃት በድርጅቶች የራስ ሰርቨር ላይ ያሉ ሼርፖይንቶችን ሲሰብር፣ ማይክሮሶፍት በጥድፊያ መጠገኛ ያወጣው ድጋፍ ላላቸው ዕትሞች ነበር። በደመና፣ ማለትም በማይክሮሶፍት በራሱ ሰርቨሮች ላይ ያለውን፣ ሼርፖይንት ኦንላይን የሚባለውን፣ ጥቃቱ አልነካውም።

በዚህ በአዲሱና በአሮጌው መካከል ያለው ትልቁ የአሠራር ልዩነት ግን ብዙም አይወራለትም። በአሮጌው አንዱ ሳይት በሌላው ሆድ ውስጥ ይገነባል። ፋይናንስ በአስተዳደር ዘርፍ ሥር፣ ግዥ በፋይናንስ ሥር፣ ንብረት በግዥ ሥር ይሆናል፤ አድራሻቸውም እንደ አባትና አያት ስም ይቀጣጠላል። መዋቅር በተጠና ቁጥር ግዥ ከፋይናንስ ይወጣል፤ አድራሻው ግን እዚያው ይቀራል፣ ወይም ይነቀልና ሊንኩ ሁሉ ይሰበራል። እስኪ በአሥር ዓመት ውስጥ ስሙ ያልተቀየረ የሥራ ክፍል ያለው ድርጅት ካለ ንገሩኝ። በአዲሱ አሠራር እያንዳንዱ ሳይት ራሱን ችሎ ይቆምና «ሀብ» በሚባል ማሰሪያ ብቻ ይያያዛል። መዋቅር ሲቀየር ማሰሪያው ተፈትቶ ሌላ ቦታ ይታሰራል፤ አድራሻው አይነካም።

የአይቲ ሰዎች ይህን ሁሉ ማዛወር «ማይግሬሽን» ይሉታል። መሣሪያው አያሳስብም፤ ማይክሮሶፍት ራሱ በነፃ የሚሰጠው የማዛወሪያ ፕሮግራም አለ፣ የሚሸጡም አሉ። ፕሮግራሙ ፋይሉን ከነተፈጠረበት ቀንና ከነጻፈው ሰው ስም ያሻግራል። በእጅ ኮፒ ብታደርጉት ግን የ1998ቱ ውል ዛሬ የተጻፈ ይመስላል። ፕሮግራሙ የማይችለው ዋናው ነገር አንድ ነው፤ የትኛው ወረቀት እንደሚያስፈልግ አያውቅም።

ያንን የምታውቀው በእኛ ድርጅት የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ነበረች። ማዛወሩ በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት የአይቲው ልጅ የፋይሎቹን ዝርዝር በኤክሴል አውጥቶ ለየክፍሉ ላከ፤ «የማያስፈልገውን በቀይ ቀቡ» ብሎ። አንድም ሰው አልቀባም። ሁሉም «ምናልባት ይፈለግ ይሆናል» አለ። በሁለተኛው ሳምንት ላፕቶፑን ይዞ መዝገብ ቤት ወረደ። እኔም አብሬው ነበርኩ።

«እትዬ፣ ይሄ ‘ልዩ ልዩ’ የሚል ፎልደር አለ። ይጣል?»

«ልዩ ልዩ የሚባል ጉዳይ የለም፤ ሰው ሲሰንፍ ነው ልዩ ልዩ የሚለው። ክፈተው እስኪ።»

ከፈተው። የቡና መጠጫ መዋጮ ዝርዝር፣ የአንድ ባልደረባ የሠርግ ጥሪ፣ የተበላሸ ፕሪንተር ፎቶ፤ መሃላቸው የመጋዘኑ የኪራይ ውል ስካን ተደርጎ ተቀምጧል። ስሙ «ስካን 0047» ነው። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ የደብዳቤ ቁጥሩን ከስክሪኑ ላይ አነበበችና «ይሄማ ዋናው ጠፋ ተብሎ ሕግ ክፍል ሲያለቅስበት የከረመው ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ልጁ ሳያሳያት ምንም አልጣለም። ሦስት ክምር አደረጉ፤ የሚሄድ፣ ለማስረጃ ተቆልፎ የሚቀመጥ፣ የሚጣል። ከሁሉ የሚበልጠው የሚጣለው ነበር። ለሚሄደው ለእያንዳንዱ ገጽ ደግሞ የባለቤት ስም እንዲጻፍ አዘዘች። የክፍል ስም ጽፈው ሲመልሱላት «ክፍል ስልክ አያነሳም» ብላ የሰው ስም አስጻፈቻቸው። በፕሮጀክቱ ሁሉ ከዚህ የተሻለ ውሳኔ አላየሁም።

አማርኛ የሚጽፍ ድርጅት ደግሞ ሌላው የማያውቀው የራሱ ጣጣ አለው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ቢሮዎች የሚጽፉት በቀደሙት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ዓይነት ፎንቶች ነበር። እነዚያ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የእኛን ፊደል ይሥላሉ። ዓይናችሁ «ደ»ን ያያል፤ ኮምፒውተሩ ግን ያስቀመጠው የላቲን ምልክት ነው። ፎንቱ በተጫነበት ማሽን ላይ ሰነዱ ያምራል። አዲሱ ኢንትራኔት ላይ በብራውዘር ሲከፈት የላቲን ፊደል፣ የቅንፍና የፐርሰንት ምልክት ድብልቅ ሆኖ ይመጣል። ፒዲኤፍ የሆነው ይብሳል፤ ፎንቱን አብሮ ስለያዘ በደንብ ይነበባል፣ በፍለጋ ግን ፈጽሞ አይገኝም። ስለዚህ ከመዛወሩ በፊት ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። መለወጫ ፕሮግራሞች አሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፎንት የራሱ ሠንጠረዥ ስላለው ውጤቱን ከታተመው ጋር የሚያስተያይ ሰው ያስፈልጋል። አሃዝና ነጥብ ላይ በተለይ። የደመወዝ ስኬል ውስጥ አንድ ነጥብ ብትዘል ምን እንደሚከተል መቼም አልነግራችሁም።

ፊደሉ ቢስተካከልም ፍለጋው አይስተካከልም። «ዓመታዊ ፈቃድ» የሚለውን ውሰዱ። የመጀመሪያውን ፊደል ሰው ዓ፣ አ፣ ዐ ወይም ኣ ብሎ ይጽፈዋል። ሁለተኛውን ቃል ፈቃድ የሚልም ፍቃድ የሚልም አለ። አራት በሁለት፣ ስምንት አጻጻፍ። ለእኛ ሁሉም አንድ ነው፤ ለፍለጋው ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው ስምንቱ ስምንት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ዕረፍት» ብሎ የሚፈልገውን ገና አልቆጠርኩም። እኛ ያደረግነው ቀላል ነገር ነው፤ ብዙ ለሚፈለጉ ገጾች «ቁልፍ ቃላት» የሚል ዓምድ ከፍተን ሁሉንም አጻጻፍ እዚያ ደረደርን። አያምርም፣ ይሠራል።

ቀኑም እንዲሁ ነው። «ሪፖርት 2011» የሚል ፋይል በእኛ ነው በፈረንጅ? በመካከሉ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አለ። ሼርፖይንት የሂጅራ ካላንደር አለው፣ የታይላንድ ቡድሂስቶችም አለው፤ የእኛ የለውም። ስለዚህ «የበጀት ዓመት» የሚል ተራ የጽሑፍ ዓምድ ተጨመረ፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለውን የሚያመለክት፤ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳይጻፍበት ማስገባት ተከለከለ።

የሚያስደነግጠው የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ማን ምን ማየት ይችላል የሚለው። አሮጌው ኢንትራኔት ላይ ብዙ ነገር ያልታየው ተቆልፎ አይደለም፤ ፍለጋው ደካማ ስለነበረ ነው። አዲሱ ፍለጋ ደግሞ ለማየት የተፈቀደላችሁን ሁሉ አምጥቶ ይዘረግፋል። በሙከራው ሦስተኛ ቀን አንድ ሾፌር ለጨዋታ ያህል የራሱን ስም ጻፈ። የሙሉ ድርጅቱ የደመወዝ ዝርዝር ወጣለት። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ፎልደሩን «ለሁሉም» ብሎ ከፍቶት ረስቶታል። ደግነቱ ሾፌሩ ጨዋ ሰው ነበር፤ ለማንም ሳይናገር ወደ አይቲ ክፍል ወጣና «ይሄ ነገር ልክ ነው ወይ?» አለ። ምክሬ አሮጌውን ፈቃድ አብራችሁ አታዛውሩ ነው። ባዶ አድርጋችሁ፣ በባለቤቱ ፊርማ እንደ አዲስ ክፈቱ።

ቅጾችም አይሻገሩም። በአሮጌው ሼርፖይንት ብዙው ቅጽ ኢንፎፓዝ በሚባል መሣሪያ የተሠራ ነው፤ የኢንፎፓዝም ዕድሜ የሚያበቃው ያው ሐምሌ 7 ቀን 2018 ላይ ነው። በሌላ መሣሪያ ከመሠረቱ መሥራት ይጠይቃል። ያኔ አንድ የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ ለምን አምስት ፊርማ እንደሚያስፈልገው መጠየቅ ይቻላል። በእኛ ዘንድ ሁለቱ ፈራሚዎች የሥራ መደባቸው ራሱ ከተሰረዘ ቆይቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው የድካም ጉዳይ ነው። አንድ ቴራባይት በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚጭን መስመር ሳይቋረጥ ቢሄድ ከዘጠኝ ቀን በላይ ይፈጃል፤ መስመር ደግሞ ይቋረጣል። ስለዚህ ብዙው በሌሊት ቀስ በቀስ ይጫናል፤ ዓርብ ማታ አሮጌው «ማንበብ ብቻ» ይደረግና በሁለቱ የዕረፍት ቀናት የተቀየረው ብቻ ይሻገራል። ሰኔን ግን አትምረጡ፤ ፋይናንስ ሒሳብ ሲዘጋ የሚያናግራችሁ የለም። የፋይል አድራሻ ከነስሙ ከ400 ፊደል መብለጥ አይችልም፤ «የመጨረሻው የተስተካከለ ፋይናል አዲሱ» እያላችሁ የሰየማችሁ እዚህ ላይ ትያዛላችሁ። አሮጌውን ሰርቨር ወዲያው አታጥፉ፤ ቢያንስ አንድ የሒሳብ መዝጊያ እስኪያልፍ ከኢንተርኔት ነጥላችሁ አቆዩት።

የናንተ ድርጅት ለዚህ ሥራ ጨረታ ሊያወጣ እያሰበ ከሆነ፣ ሰነዱን ከመግዛታችሁ በፊት ነገ ጠዋት ኢንትራኔታችሁን ክፈቱና «ዓመታዊ ፈቃድ» ብላችሁ ፈልጉ። 14 ቀን የሚል ከመጣላችሁ ላፕቶፑን ይዛችሁ መዝገብ ቤት ውረዱ።