ከአዳማ የሚላከው ልብስና የአገር ዕዳ

ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ዩሮ ቦንድ (በውጭ ገበያ የሚሸጥ የብድር ሰነድ) ሸጣ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች። ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ፣ የመክፈያ ጊዜው 10 ዓመት ነበር። ገንዘቡ ከታሰበላቸው ዘርፎች አንዱ የኢንዱስትሪ ፓርክ ግንባታ ነው። ፓርኮቹ ልብስ ሰፍተው ወደ ውጭ ይልካሉ፣ ዶላር ያስገባሉ፣ ዕዳው ከዚያው ይከፈላል ተብሎ ተሰላ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክም የተወለደው ከዚሁ ስሌት ነው።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተቀሰቀሰው ጦርነት ስሌቱን አፋለሰው። አሜሪካ የሰብዓዊ መብት ጥሰትን ምክንያት አድርጋ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ለአፍሪካ አገሮች ምርት ከቀረጥ ነፃ የመግባት ዕድል ከሚሰጠው ከአጎዋ አስወጣች። ያለዚህ ዕድል የጥጥ ቲሸርት አሜሪካ ሲገባ 16.5 በመቶ፣ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ሸሚዝ እስከ 32 በመቶ መደበኛ ቀረጥ ይከፈልበታል። በጠባብ ትርፍ የሚሠራ የልብስ ፋብሪካ ይህን አይችልም፤ ገዢውም ትዕዛዙን ወደ ሌላ አገር ያዞራል።

መንግሥት ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በጥር 2013 ዓ.ም. በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ የዕዳ ሽግሽግ እንደሚጠይቅ አስታውቆ ነበር። ቻይናና ፈረንሳይ በጋራ የሚመሩት የአበዳሪ አገሮች ኮሚቴም ተቋቋመ። ድርድሩ ግን ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) አዲስ ፕሮግራም ውጭ ሊራመድ አልቻለም። ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም ጉዳዩ ጊዜ ወሰደ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ 33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀረች።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀ፤ በዚያው ዕለት አይኤምኤፍ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አጸደቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዓመት ውስጥ ከ130 ብር አለፈ። ላኪ በዶላሩ ብዙ ብር ያገኛል፤ ነገር ግን 100 ዶላር የሚያወጣ ክርና ጨርቅ ለማስገባት 5,700 ብር ይበቃው የነበረ ፋብሪካ ከ13,000 ብር በላይ ያስፈልገዋል። ደመወዙን በብር የሚቀበለው ሠራተኛም ዘይቱንና የቤት ኪራዩን በአዲሱ ዋጋ ይከፍላል።

በሰኔ 2017 ዓ.ም. ከአበዳሪ አገሮች ጋር የ8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ሽግሽግ የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። ከቦንድ ባለቤቶች ጋር በጥቅምት 2018 ዓ.ም. የተደረገው ንግግር ግን ያለ ስምምነት ተበተነ። የአበዳሪ አገሮቹ ኮሚቴ ሁሉም አበዳሪ እኩል ሸክም ይሸከም ይል ነበር፤ ቦንድ የያዙት ደግሞ የኢትዮጵያ ችግር ጊዜያዊ የገንዘብ እጥረት ስለሆነ ከዋናው ዕዳ አይቀነስ ሲሉ ተከራክረዋል።

አንድ ጦርነት ገበያ አሳጥቶ ድርድርን ለዓመታት ካጓተተ፣ ሰላምን ከኢኮኖሚ ፖሊሲ ነጥሎ ማየት አይቻልም። መንግሥትም ከአበዳሪዎች ጋር የሚገባቸውን ውሎች ለሕዝብ ይፋ ያድርግ፤ ዕዳውን የሚከፍለው ሕዝብ ነውና።