ሴይ አጌይን፣ ጋምቤላ

የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ መሆኔን የሰማ ሰው ሁሉ «ከፓይለቶቹ ጋር ቀኑን ሙሉ ምን ታወራላችሁ?» ይለኛል። ወሬማ የለም። ፓይለቱ ይጠራኛል፣ መመሪያ እሰጠዋለሁ፣ የሰማውን ይደግምልኛል፣ ከተሳሳተ አርመዋለሁ። በእንግሊዝኛ፣ ያውም በተለኩ ቃላት። ሁለት ሰው እኩል ማይክ ከተጫነ ደግሞ የሚሰማው ሲጥታ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ድርቅና በከንቱ አልመጣም። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 የስፔን ደሴት በሆነችው ቴኔሪፍ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 ጭጋግ ውስጥ ተጋጭተው 583 ሰው ሞቷል። የኬኤልኤሙ አውሮፕላን ለመነሳት መንደርደር መጀመሩን ከደንቡ ውጪ በሆነ አነጋገር ተናገረ፤ ታወሩም «ኦኬ» አለ። ታወሩ ወዲያው ያስከተለው «ጠብቅ» እና ማኮብኮቢያው ላይ የነበረው የፓን አም ድምፅ አንድ ላይ ወጥተው በሲጥታ ተዋጡ። ዛሬ «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል የሚነገረው የመነሳት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቀልድ ቦታው ጠባብ ነው፤ ሥራው ካለቀና ሬዲዮው ጭር ካለ ብቻ። እንደኔ ጥሩው ቀልድ በራሱ በደንቡ ቃል የሚቀለደው ነው። የኤስአር-71 የስለላ ጄት ፓይለት የነበረው ብራያን ሹል ያወራ የነበረውን ስሙ። ሎስ አንጀለስ ሰማይ ላይ አንዲት ሴስና ፍጥነቷን ትጠይቃለች፤ 90 ኖት። ሌላ አውሮፕላን ይጠይቃል፤ 125። አንድ የባሕር ኃይል ኤፍ-18 ጉራውን ሊነፋ ይገባል፤ 620። ያኔ ከሹል ኋላ የተቀመጠው ዋልተር በትሕትና ይጠይቃል፤ 1,842። ጥያቄውም መልሱም በደንቡ ቃል ነበር፤ የኤፍ-18ቱ ድምፅ ግን ጠፋ።

ወደ ጋምቤላ ልመለስ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል፤ ጋምቤላ ማረፊያ 500 ሜትር ገደማ ነው። ሐምሌ ላይ ጃኬቱን ደርቦ ከቦሌ የተነሳ ፓይለት ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ላብ ውስጥ ያርፋል። የካቲትና መጋቢት ላይማ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው። ሙቀቱን መናገር ለወግ አይደለም፤ የሞቀ አየር ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም ይደክማል፣ መንደርደሪያው ይረዝማል፣ አንዳንዴ ጭነት ይቀነሳል።

እናም አንድ ቀን ሊያርፍ ለተቃረበ ፓይለት «ቴምፕሬቸር ፎር ዋን» አልኩት፤ 41 ዲግሪ ማለቴ ነው።

«ሴይ አጌይን።»

ደገምኩ። ዝም። ሬዲዮው ላይ ችግር አለ ብዬ ለሦስተኛ ጊዜ ልናገር ስል በአማርኛ መጣ፦ «ሰምቻለሁ ወንድሜ፣ ሲደገም ይቀንስ እንደሆነ ብዬ ነው።»

ካረፈ በኋላ እኔም አልተውኩትም፤ «ካፒቴን፣ ከአዲስ አበባ ትንሽ ብርድ ይዘውልን አልመጡም?» አልኩት። «ይዘን ነበር፤ መንገድ ላይ ቀለጠብን።»

ሌላው የሳቅ ምንጭ ሰዓት ነው። እኛ የምንሠራው በዙሉ ነው፤ ዓለም ሁሉ የሚበርበት ሰዓት ማለት ነው። ዙሉ 7፡45 ሲል ትኬቱ ላይ 10፡45 ይጻፋል፣ እንግዳ ሊቀበል የመጣው ዘመድ ደግሞ 4፡45 ይላል። ደግነቱ ፓይለቶች መድረሻቸውን ብዙ ጊዜ በደቂቃ ብቻ ይናገራሉ፤ «ፎር ፋይፍ» ካሉ በቃ። ደቂቃው በሦስቱም ሰዓት አንድ ነው።

ይህን የለመደ የሥራ ባልደረባዬ አንድ አባት ስልክ ደውለው «ልጄ፣ አውሮፕላኑ መቼ ይገባል?» ቢሉት «አርባ አምስት ላይ» አላቸው።

«የስንት ሰዓት አርባ አምስት?»

«አባባ፣ እሱን በያዙት ሰዓት ይዩት።»