አሶሳ ያደረ እንግዳ

ወደ አሶሳ በሚበረው አውሮፕላን ከሚሳፈሩት ብዙዎቹ ከተማዋን ሊያዩ አይሄዱም። አንዱ ስብሰባ አለበት፤ ሌላው የስደተኞች ጣቢያ ሊጎበኝ ነው፤ ሌላው ደግሞ ልቡ ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ላይ ነው። ሆቴል አድረው በማግስቱ ማለዳ መኪናቸው ይነሳል። ሲመለሱ ስለ አሶሳ ቢጠየቁ ስለ ሙቀቷና ስለ ማንጎዋ አንድ ሁለት ነገር ይሉና ወሬው ያልቃል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ ግን ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቀን የሚሰጣት እንግዳ ይገባታል። በእግር ለመዳረስ የምትበቃ ከተማ ናት፤ የምትናገረው ታሪክ ግን ከስፋቷ በእጅጉ ይበልጣል።

ከአዲስ አበባ በመኪና የሚሄድ ሰው አምቦን፣ ነቀምትን፣ ጊምቢን፣ ነጆንና መንዲን አቋርጦ በባምባሲ በኩል ይገባል፤ ርቀቱ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ውብ ነው። ከደጋው እየወረዱ የቡናውን አገር ወለጋን ሲያልፉ ምድሩ እንዴት እየተለወጠ እንደሚሄድ ከአየር አይታይም። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት በዚያ መስመር የጸጥታ ችግር ሲነሳና ሲረግብ ቆይቷል። ስለዚህ የሰሞኑን ሁኔታ በቅርብ ከተጓዘ ሰው ሳያረጋግጡ መነሳት ተገቢ አይደለም፤ ጥርጣሬ ካለ አውሮፕላኑ ይሻላል።

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ሙቀቱ ይከብዳል፤ ዝናቡ ከሚያዝያ መጨረሻ ወይም ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያሉት ወራት፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ለእግረኛ እጅግ ይመቻሉ። ማንጎ መብላት የሚፈልግ ግን ሙቀቱን ታግሦ ወደ መጋቢትና ሚያዝያ ይጠጋ። አሶሳ ውስጥ ማንጎ የአጥር ግቢ ዛፍ ነው፤ ጥላ ይሆናል፣ ልጅ ይወጣበታል፣ ፍሬው በየመንገዱ ዳር ይቆለላል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ ወደዚህም ተዛምቶ ገበሬውን ጎድቷል። ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ዛፍ ያየ እንግዳ ነገሩ ይኸው መሆኑን ይወቅ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ለገበያ ይሁን። ማሽላ፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተር፣ ማር፣ ባሚያ፣ እንደ ወቅቱም ትኩስ የቀርከሃ ቡቃያ ይገኛል። ከዕቃው በፊት ግን ሰውን ማየት ይሻላል። ከገጠር የሚመጡ የበርታ ሴቶች ጭነታቸውን በጀርባቸው አይሸከሙም። ረጅም እንጨት ትከሻቸው ላይ አጋድመው በሁለቱ ጫፎቹ ቅርጫቱን ወይም ቅሉን ያንጠለጥሉና ሚዛኑን ጠብቀው በፈጣን እርምጃ ይሄዳሉ። የጉሙዝ ሴቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ከጎናቸው በሱዳን ሴቶች ወግ ቶብ የተጠቀለለች ሌላ ሴት፣ ነጠላ የለበሰች የወሎ ሰው፣ ከወለጋ የመጣ ነጋዴ ይታያሉ። እዚያው ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው በርትኛ፣ ዓረብኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ግብይት ውስጥ ሲፈራረቁ ይሰማል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ አማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይቸገርም። ያም ሆኖ በ«አሰላሙ ዓለይኩም» የጀመረ ሰው የሚቀበለው ፈገግታ ሌላ ነው፤ በርታ በአብዛኛው ሙስሊም ነው።

የወሎው ሰው እዚህ እንዴት ተገኘ የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። መልሱ ከከተማዋ ወጣ እንዳሉ ባሉት መንደሮች ስም ላይ ተጽፏል፦ አምባ 14፣ መገሌ 32፣ ሰልጋ 24። ቁጥሮቹ የደርግ ዘመን የሰፈራ ጣቢያ መለያዎች ናቸው። ሰፈራው ቀደም ብሎ የተጀመረ ቢሆንም ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በብዛት ተካሄደ፤ ከወሎና ከሌሎች የሰሜን አካባቢዎች የመጡ ቤተሰቦች ወባ ወዳለበት፣ በቀርከሃ ወደ ተሸፈነ አገር ገቡ። ደገኛው ገበሬ የማያውቀው አፈርና የማያውቀው በሽታ ጠበቀው፤ ነባሩ በርታ ደግሞ ያደነበትና ያረሰበት መሬት በቁጥር ተሸንሽኖ አየ። ሁለቱም ወገን የከፈለው ዋጋ አለ። ከአርባ ዓመት በኋላ እነዚያ ቁጥሮች የሰዎች የትውልድ ቦታ ስም ሆነዋል። በባጃጅ ወይም በሚኒባስ ወጥቶ ከአንዱ መንደር ሽማግሌ ጋር ቡና መጠጣት አሶሳን ለማወቅ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይመስለኛል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 784,345 ነበር፤ ከዚህ ውስጥ በርታ ሩብ ያህሉን ሲይዝ አማራና ጉሙዝ እያንዳንዳቸው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ነበሩ። ከተማዋ ራሷ በዚያ ቆጠራ 24,214 ነዋሪ ነበራት። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተባት ወዲህ የአሶሳ ጎዳና የተማሪ ጎዳናም ሆኗል።

የክልሉ ሕገ መንግሥት በነባርነት የሚጠራቸው አምስት ብሔረሰቦች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው። ዓባይ ክልሉን ለሁለት ይከፍለዋል። ሺናሻና አብዛኛው ጉሙዝ የሚኖሩበት መተከል ከወንዙ በስተሰሜን ስለሆነ ለዚያ ሌላ ጉዞ ያስፈልጋል፤ መንገዱም በእንጅባራና በቻግኒ ነው። ሁሉንም ከአሶሳ ተነስቼ እጨርሳለሁ የሚል ሰው ካርታውን አንድ ጊዜ ቢያይ ሐሳቡን ይቀይራል።

አሶሳ ታሪኳን በሐውልት ሳይሆን በወርቅ የምትናገር ከተማ ናት። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ከምክንያቶቹ አንዱ በዚህ ድንበር ያለው ወርቅ ነበር፤ በኋላም ራሱ እስከ ፋዙግሊ ድረስ መጥቶ ማዕድኑን ፈልጓል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ አካባቢው በጥቂት ሼሆች እጅ ነበር፤ አብዱራህማን ሆጀሌ ቤኒሻንጉልን፣ ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን የዛሬዋን አሶሳ ዙሪያ ይገዙ ነበር። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር ዘምቶ አገሩን ወደ ምኒልክ ግዛት አስገባው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከብሪታኒያ ጋር የተፈረመው ውል ደግሞ ድንበሩን ሲያሰምር በርታን ኢትዮጵያና ሱዳን ውስጥ ከፍሎ አስቀረው። ሼህ ሆጀሌ ወርቅ እየገበሩ ኃይላቸውን አጸኑ። አዲስ አበባ ጉለሌ ውስጥ ያሠሩት ቤት ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ የሸጎሌ ሰፈርም ስሙን ከእሳቸው እንዳገኘ ይነገራል። ከወርቁ ጋር ባሪያም ይነዳ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ከማኦ፣ ከኮሞና ከጉሙዝ የተነጠቁ ሰዎች በእነዚህ መንገዶች ተነድተዋል፤ ቁስሉን የሚያስታውሱ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ።

ወርቁ አላለቀም። በሆሞሻ፣ በመንጌ፣ በሼርቆሌና በኩርሙክ ወረዳዎች ሰዎች አሸዋውን በገበቴ ያጥባሉ፤ በርታ ዘንድ ይህ በተለይ የሴቶች ሥራ ሆኖ ኖሯል። ውኃውን ክብ እያዞሩ ቀላሉን አሸዋ ሲያፈሱ ከባዱ ጥቁር ደለል ታች ይቀራል፤ በደለሉ ውስጥ ቢጫው ይታያል። ለማየት የሚሄድ እንግዳ በአካባቢው ሰው መታጀብ አለበት። የጉድጓዱ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ከመንገድ ዳር ወርቅ መግዛትም ሕገ ወጥ ከመሆን አልፎ ለክርክር የሚዳርግ ነገር ነው።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበርድ ቀርከሃውን ማየት ነው። እዚህ የሚበቅለው ውስጡ ድፍን የሆነው የቆላ ቀርከሃ ነው፤ ከደጋው ባለ ክፍት ቀርከሃ የጠነከረ ሲሆን የኢትዮጵያ የቆላ ቀርከሃ ትልቁ ክምችት ያለውም በዚህ ክልል ነው። ቤቱ፣ አጥሩ፣ ጎተራው፣ አልጋው፣ ቅርጫቱ ከዚሁ ይሠራል፤ በክረምት ቡቃያው ተቀቅሎ ይበላል። ይህ ተክል አንድ ልዩ ጠባይ አለው፦ ብዙ ዓመት ሳያብብ ይቆይና ጫካው በአንድ ላይ ያብባል፣ ዘር ይሰጣል፣ ከዚያም ሁሉም ይደርቃል። እንደ አዲስ ከዘር ሲነሳ ዓመታት ይፈጅበታል፤ በዚህ መሐል እሳትና እርሻ ከገቡበት ጫካው ላይመለስ ይችላል። የደረቀ የቀርከሃ ኮረብታ ያየ ሰው «ጨፈጨፉት» ብሎ ከመፍረዱ በፊት ይጠይቅ።

ሠርግ ወይም የመኸር በዓል ከገጠመው እንግዳው ዕድለኛ ነው። የበርታ ዙምባራ ከቅል የሚሠራ የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ ቅሎቹ እየተገጣጠሙ ረጅምና አጭር መለከት ይወጣቸዋል። እያንዳንዱ ነፊ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚወለደው አንዱ ሲያቆም ሌላው በትክክለኛው ቅጽበት ሲገባ ነው፤ አንድ ሰው ቢጎድል ዜማው ቀዳዳ ይኖረዋል። ሱዳን ባሉት በርታዎች ዘንድ ዋዛ የሚባለው ይኸው ወግ ነው። እኔ በበኩሌ በአገራችን ካሉት የኅብረት ሙዚቃዎች ሁሉ የላቀ ቦታ እሰጠዋለሁ። ለስብሰባ መክፈቻ አሥር ደቂቃ ብቻ መሰማቱ በደል ነው፤ ከተማዋ እንግዳ ትኬት ቆርጦ ሙሉውን የሚሰማበት ቋሚ ቀን ቢኖራት ሙዚቀኞቹም ይጠቀማሉ፣ ወጣቱም ይማራል።

ሁለተኛው ቀን ከከተማ መውጫ ነው። በምሥራቅ በኩል ባምባሲ ከ50 ኪሎ ሜትር በታች ትርቃለች፤ አንበሳ ጫካ የሚባለው ደን ያለው በዚያ ወረዳ ሲሆን የሰሜን ማኦዎችም አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሆላንዳዊው ተጓዥ ሁዋን ማሪያ ስኹቨር ወደዚህ አካባቢ መጥቶ ያየውን በጥንቃቄ መዝግቧል። በሰሜን በኩል መንጌ እብነ በረድ የሚወጣበት ስፍራ ነው። የስፔን አርኪዮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአሶሳና በመንጌ ዙሪያ ጥንታዊ የድንጋይ መጠለያዎችንና ሥዕሎችን አጥንተዋል። ሥዕሎቹ ቀላል መስመሮችና ቅርጾች ናቸው፤ ዛሬም ለአካባቢው ሰው ትርጉም ስላላቸው መንካትም ውኃ መርጨትም ነውር ነው።

በሰሜን ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ኩርሙክ ናት። ከድንበሩ ማዶ ያለችው የሱዳን ከተማም ስሟ ኩርሙክ ነው። ኢጣሊያን ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት ከቤልጂግ ኮንጎ የመጡ አፍሪካውያን ወታደሮች አህጉሩን አቋርጠው ከሱዳን በኩል ገቡና በመጋቢት 1933 ዓ.ም. አሶሳን ያዙ፤ ከዚያም እስከ ደምቢ ዶሎ ዘለቁ። ይህ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ቢገባ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ በዚሁ ድንበር የሚገቡት ስደተኞች ናቸው። የሼርቆሌ ጣቢያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በተነሳው ጦርነት የመጡት ተጨምረዋል። ጣቢያዎቹ የመጎብኛ ስፍራ አይደሉም፤ ሥራ የሌለው ሰው አይሂድ፣ ወደ ድንበሩም ያለ ምክር አይጠጋ።

ሕዳሴ ግድብ ያለው ጉባ ወረዳ፣ መተከል ዞን ውስጥ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ቁመቱ 145 ሜትር ሲሆን 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ የማመንጨት አቅሙም ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ ነው። ንጋት የተባለው ሐይቁ ከአሶሳ ሰዎች ሕይወት ጋር ገና መተዋወቅ ላይ ነው። ጉብኝቱ በፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ ከአዲስ አበባ ሳይነሱ ያለቀ ይሁን።

ሰው ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ይጠይቁ፤ ሽማግሌዎችን «ሼህ» ወይም «ሐጂ» ብለው በአክብሮት ይጥሩ። አለባበስዎ የተሸፈነ ይሁን። በረመዳን ከሄዱ ቀኑ ጸጥ ያለ፣ ማታው የደመቀ መሆኑን ይቁጠሩ። ወባ ዛሬም ስላለ አጎበር የሌለው ክፍል አይከራዩ። የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ የሚገኘው አሶሳ ውስጥ ነው፤ ከከተማ ከመውጣትዎ በፊት እዚያ ጎራ ብለው የደብዳቤና የአስጎብኚ ነገር ይጨርሱ።