የተጎዳ ተጫዋች የማን ነው?

የጉልበቱ ጅማት የተበጠሰ ተጫዋች ሕክምና ክፍል ገብቶ አልጋው ላይ ሲጋደም መጀመሪያ የሚጠይቀው «መቼ ነው የምመለሰው?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ ሐኪሙም እኛ ወጌሾችም መልስ አለን። መልስ የሚያጣው ሌላኛው ጥያቄ ነው። እስኪመለስ ድረስ ይህ ሰው የማን ነው? የልምምድ ሜዳው አይፈልገውም፣ የቡድን ስብሰባ ላይ አይጠራም፣ ጓደኞቹም ቀስ በቀስ ስሙን ማንሳት ይተዋሉ።

ይህን ሳስብ ብራያን ክሎፍ ትዝ ይለኛል። ብዙ ሰው ክሎፍን የሚያውቀው በአሰልጣኝነቱ ነው። ከዚያ በፊት ግን ጎል አነፍናፊ አጥቂ ነበር። ለትውልድ ከተማው ክለብ ለሚድልስብሮና ለሰንደርላንድ ባደረጋቸው 274 የሊግ ጨዋታዎች 251 ጎል አግብቷል። በሁለተኛው ዲቪዚዮን ነው ብለው የሚያጣጥሉት አሉ፤ ነገር ግን በየጨዋታው አንድ ጎል ለማግባት ትንሽ የሚቀረው አጥቂ በየትኛውም ደረጃ ብርቅ ነው። ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈው ግን በ1959 ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 26 ቀን 1962 (እ.ኤ.አ.) ሰንደርላንድ በሜዳው በሮከር ፓርክ ከበሪ ጋር ሲጫወት፣ የ27 ዓመቱ ክሎፍ ኳስ ተከትሎ ሲሮጥ ከግብ ጠባቂው ጋር ተጋጨ። የጉልበቱ መስቀለኛ ጅማትና የውስጥ ጎን ጅማቱ ተበጠሱ። በሕመም መሬት ላይ ወድቆ ሳለ አንድ የተጋጣሚ ተጫዋች ለዳኛው «እያስመሰለ ነው» ማለቱን ክሎፍ ዕድሜውን ሙሉ አልረሳም። ሜዳ ዳር የቆመ ወጌሻ ሁሉ ይህን ቃል ያውቀዋል።

መስቀለኛው ጅማት ሰውየው ሲዞር ጉልበቱ እንዳይከዳው የሚይዝ ነው። ዛሬ ከተጫዋቹ ከራሱ እግር ጅማት ተወስዶ ይተካል፤ ከዘጠኝ ወር እስከ ዓመት በሚደርስ ማገገሚያ ብዙዎች ወደ ሜዳ ይመለሳሉ። በዚያ ዘመን ግን እግሩ በጀሶ ታስሮ መጠበቅ ነበር። የታሰረ እግር ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ጀሶው ሲወልቅ ጭኑ ቀጥኖ ይገኛል። ክሎፍ በ1964 መስከረም ላይ ተመልሶ በአንደኛው ዲቪዚዮን ሦስት ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። በሊድስ ላይ ያገባት ጎል በከፍተኛው ዲቪዚዮን ያስቆጠራት ብቸኛ ጎሉ ሆና ቀረች። በ29 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ።

ታሪኩ እዚህ ሊያልቅ ይችል ነበር። ያላለቀው የሰንደርላንድ አሰልጣኝ ጆርጅ ሃርድዊክ የወጣት ቡድኑን እንዲያሠለጥን ስለሰጠው ነው። መሮጥ ያልቻለው ሰው ማየትና መናገር እንደሚችል አንድ ሰው አስተዋለ። ክሎፍ በ1965፣ በ30 ዓመቱ፣ በአራተኛው ዲቪዚዮን ግርጌ የሚዳክረውን ሃርትልፑልን ያዘ። በሚድልስብሮ የተወዳጀውን ግብ ጠባቂ ፒተር ቴይለርን ረዳቱ አደረገው። አብረው ደርቢ ካውንቲን ከሁለተኛው ዲቪዚዮን አንስተው በ1972 የእንግሊዝ ሻምፒዮን አደረጉት። በኖቲንግሃም ፎረስትም ያንኑ ደገሙት፦ በ1977 አደገ፣ በ1978 ሻምፒዮን ሆነ፣ በ1979 ማልሞን፣ በ1980 ሃምቡርግን በተመሳሳይ 1 ለ 0 አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ።

ታዲያ የራሱ ጉዳት ለተጎዳ አዛኝ አደረገው? በ1974 በሊድስ ዩናይትድ 44 ቀን ብቻ ሲቆይ፣ ጉዳት ያሠቃየውን የክንፍ ተጫዋች ኤዲ ግሬይን ፈረስ ብትሆን ኖሮ ተኩሰው ይገላግሉህ ነበር ብሎታል። ራሱ ግሬይ ነው ይህን የተናገረው። የገዛ ጉልበቱ ሕይወቱን የቀየረበት ሰው ይህን ካለ፣ የተጎዳን ተጫዋች ጉዳይ ለአሰልጣኙ ርኅራኄ ብቻ መተው አይበቃም ማለት ነው። ያለፈበት ሰው ሁሉ ያዝናል ብለን መገመት የለብንም።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ርኅራኄ አይደለም፤ የክለብ ደንብ ነው። ወጪውም ትንሽ ነው። የተጎዳው ተጫዋች የተጋጣሚን ቪዲዮ ከቡድኑ ጋር ይይ። የቆመ ኳስ ላይ ማን ማንን እንደሚይዝ መዝግቦ ለአሰልጣኙ ያቅርብ። አጥቂ ከሆነ ተቀምጦም ቢሆን ታዳጊዎቹን ጎል አጨራረስ ያስተምር። በጨዋታ ቀን ከተቀያሪዎች ጋር ይቀመጥ። በሥራዬ እንደማየው፣ ቡድኑ ውስጥ ቦታ ያለው ተጫዋች አሰልቺውን የጭን ማጠንከሪያ ሥራ ሳይነገረው ይሠራል። የተገለለው ግን ወይ ይሰንፋል፣ ወይ ቸኩሎ ሳይድን ሜዳ ይገባና ጅማቱን ደግሞ ይበጥሳል።

የሁሉም ጉልበት እንደማይመለስ እኛ እናውቃለን። እናንተ አሰልጣኞችና የክለብ አመራሮች ደግሞ ይህን እወቁ፦ ሃርድዊክ ለክሎፍ የሰጠው ገንዘብ ወይም መድኃኒት አልነበረም፤ ሥራ ነበር። ለተጎዳው ተጫዋቻችሁ ሥራ ስጡት፤ ዛሬውኑ ስጡት።