ባለ 1 ጂቢው ስልክ ከገበያ እየተገፋ ነው

በመርካቶም ሆነ በሌሎች የሞባይል መሸጫዎች ርካሽ ስማርት ስልክ የሚጠይቅ ሸማች አብዛኛውን ጊዜ የሚያገላብጣቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፤ የስክሪኑ ስፋት፣ የካሜራው ጥራትና የባትሪው ጉልበት። ስልኩ ከወራት በኋላ እንደ መጀመሪያው ቀን መሥራት አለመሥራቱን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ግን የራሙ መጠንና ያንን ራም የሚያስተዳድረው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ለአነስተኛ ራም ተብለው የተሠሩት ቀላል ሲስተሞችም ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ ራም የሚጠይቁ ሆነዋል።

ራምን የሱቅ ባንኮኒ፣ ስቶሬጁን ደግሞ ከኋላ ያለው መጋዘን አድርጎ ማየት ይቻላል። መጋዘኑ የቱንም ያህል ቢሰፋ ባንኮኒው ጠባብ ከሆነ አንዱን ዕቃ ለማሳየት ሌላውን ማንሳት ግድ ይላል። ቴሌግራም ላይ የነበረ ሰው ለአፍታ ወደ ቴሌብር ገብቶ ሲመለስ ቴሌግራም እንደገና ከመነሻው የሚከፈተው ባንኮኒው ስለጠበበ ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራሱም ከዚያው ባንኮኒ ላይ ቦታ ይይዛል። 1 ጂቢ ራም ባለው ቀፎ ላይ ሙሉው አንድሮይድ ከተጫነ ለባለቤቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ችግሩን ለመፍታት የተደረገው ሙከራ ብዙ ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው አንድሮይድ 4.4፣ ኪትካት የተባለው፣ በ512 ሜጋባይት ራም እንዲሠራ ታስቦ የተዘጋጀ ነበር። በዚያው ዓመት ሞዚላ ፋየርፎክስ ኦኤስን ይዞ ገበያ ገባ። በ2014 ሕንድ ውስጥ በ2 ሺሕ ሩፒ ገደማ የተሸጠው ኢንቴክስ ክላውድ ኤፍኤክስ የተባለው ስልክ ራሙ 128 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ዋጋው የሚማርክ ቢሆንም ሰው የለመዳቸው አፕሊኬሽኖች ስላልነበሩት ብዙም አልዘለቀም፤ ሞዚላም በ2015 መጨረሻ ከስልክ ንግድ መውጣቱን አስታወቀ።

የፋየርፎክስ ኦኤስ ፍሬ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። በእርሱ ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ካይኦኤስ ቁልፍ ያላቸውን ተራ ቀፎዎች ከኢንተርኔት ጋር አገናኘ። የሕንዱ ጂዮ ኩባንያ በ2017 ባለ 512 ሜጋባይት ራም የሆነውን ጂዮፎን በ1,500 ሩፒ ተመላሽ መያዣ ሲያቀርብ ሲስተሙ ካይኦኤስ ነበር። ጎግል ራሱ በ2018 በካይኦኤስ ኩባንያ ውስጥ 22 ሚሊዮን ዶላር አፈሰሰ፤ በ2019 ደግሞ ኤምቲኤንና ኦሬንጅ በአፍሪካ 20 ዶላር ገደማ የሚያወጡ ቀፎዎችን አወጡ። ይሁንና የእነዚህ ስልኮች ትልቁ መስህብ የነበረው ዋትስአፕ በ2024 ለካይኦኤስ አዲስ ተጠቃሚ መስጠት አቆመ። ዋትስአፕ ለማግኘት ብሎ የገዛ ሰው ቀፎው ሳይሰበር ጥቅሙ ቀነሰበት ማለት ነው።

ጎግል በበኩሉ በታኅሣሥ 2017 አንድሮይድ ጎ የተሰኘውን ቀለል ያለ አንድሮይድ አቀረበ። ታሳቢ የተደረጉት ከ512 ሜጋባይት እስከ 1 ጂቢ ራም ያላቸው ስልኮች ነበሩ። አብረውት የሚመጡት የጎግል አፕሊኬሽኖች የሚይዙት ቦታ በግማሽ እንዲቀንስ ተደርጓል። በየካቲት 2018 በባርሴሎና ከታዩት የመጀመሪያዎቹ ስልኮች አንዱ የሆነው ኖኪያ 1 ባለ 1 ጂቢ ራም ሆኖ ዋጋው 85 ዶላር ነበር። አዲስ አበባ ገዢው ሳያውቀው ይህን ሲስተም ይዞ ወደ ቤቱ የገባበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ የሚገጣጥመው ትራንሽን የሚያመርታቸው ቴክኖና አይቴል በርካሽ ሞዴሎቻቸው ላይ በብዛት ይጠቀሙበታል።

ጎግል በ2022 አንድሮይድ 13 ጎን ሲያወጣ የራሙን ዝቅተኛ መጠን 2 ጂቢ፣ የስቶሬጁን 16 ጂቢ አደረገው። በወቅቱ በጎ የሚሠሩ ስልኮች ከ250 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ኩባንያው ገልጿል፤ ከእነዚህ መካከል ባለ 1 ጂቢዎቹ ወደ አዲሱ የመሸጋገር ተስፋ አልነበራቸውም። ለደካማ ስልክ የተዘጋጀው ዩቲዩብ ጎ በዚያው ዓመት ተዘጋ፤ ሜሴንጀር ላይትም በ2023 ተከተለው። ጂዮም ቢሆን በ2021 ከጎግል ጋር ያወጣው ጂዮፎን ኔክስት ራሙ 2 ጂቢ፣ ዋጋው 6,499 ሩፒ ነበር። ርካሽ የሚለው ቃል ራሱ በአራት ዓመት ውስጥ ትርጉሙን ቀይሯል።

ይህ በእንዲህ እንዳለ የራሙ ዋጋም አልረዳም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የሚሞሪ ቺፕ አምራቾች ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የመረጃ ማዕከላት ቅድሚያ በመስጠታቸው ዋጋው በእጅጉ ንሯል። ኢትዮጵያዊው ገዢ በዚህ ላይ የምንዛሪው ጫና አለበት። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመት ሳይሞላው ከ120 ብር አልፏል። በውጭ 50 ዶላር የሚያወጣ ቀፎ ቀረጥና ትርፍ ሳይታከልበት ከ2,850 ብር ወደ 6,000 ብር ተሻገረ ማለት ነው። ይህን ያህል ከፍሎ በዓመቱ የሚተኛ ስልክ መያዝ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ለገዢው ትልቁ ወጥመድ በአሁኑ ጊዜ የተለጠጠው ራም ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ “4 ጂቢ” ተብሎ ከሥሩ በደቃቁ “2+2” የተጻፈባቸው ስልኮች አሉ። ሁለተኛው 2 ጂቢ ከስቶሬጁ ተቆርሶ ለራም ሥራ የተሰጠ ነው፤ በባንኮኒው ምሳሌ የመጋዘኑን ወለል እንደ ባንኮኒ መጠቀም ነው። ስቶሬጅ ከራም በብዙ እጅ ዘገምተኛ ስለሆነ ፍጥነቱ አይገኝም፤ በዚያ ላይ ለፎቶና ለቪዲዮ የሚቀረው ቦታ ይቀንሳል። አሠራሩ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ሁለቱን ደምሮ እንደ አንድ መሸጥ ግን ሸማቹን ማሳሳት ነው።

ስለሆነም ገንዘብ ከመቁጠር በፊት ስልኩን አስከፍቶ ማየት ይጠቅማል። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚገልጸው ገጽ የአንድሮይዱን ቁጥር፣ ትክክለኛውን ራምና የመጨረሻው የደኅንነት ማሻሻያ የመጣበትን ቀን ያሳያል። ጎ የጫነ ስልክ ደግሞ ሲበራ ብዙውን ጊዜ ስሙን ስክሪኑ ላይ ያወጣል። ባለ 2 ጂቢ ስልክ ጎ ከሆነ ለስልክ ጥሪ፣ ለቴሌግራምና ለባንክ አፕሊኬሽን ይበቃል፤ ሙሉ አንድሮይድ ከተጫነበት ግን ባይነካ ይሻላል። ከ2 ጂቢ በታች የሆነውን አዲስ ቀፎ በማንኛውም ዋጋ መግዛት አያዋጣም። ያገለገለ ባለ 4 ጂቢ ስልክ በተመሳሳይ ዋጋ ከተገኘ ፍጥነቱ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ባትሪውና የደኅንነት ማሻሻያው ያበቃ መሆን አለመሆኑ ግን አስቀድሞ ይታይ።

ክፍያ ለመፈጸምና ገንዘብ ለመላክ ብቻ ብሎ ስማርት ስልክ የሚያፈላልግ ሰው ደግሞ ወጪውን ማቆየት ይችላል። ቴሌብር በ*127# በማንኛውም ተራ ቀፎ ይሠራል።