ስለ አንበጣ መድኃኒትና ወደ ሰው አካል የሚገባው መጠን ስለሚገመትበት መንገድ

በ2012 ዓመተ ምሕረት የበረሃ አንበጣ በሶማሌ ክልልና በቦረና ቆላ በርትቶ በወረደ ጊዜ፥ በአውሮፕላንም በእጅ መርጫም መድኃኒት ተረጨ። አንበጣ የሕዝብን ቀለብና የከብትን ግጦሽ የሚያጠፋ ስለ ሆነ መርጨቱ የግድ ነበር። ነገር ግን ማላታይዮንና ክሎርፓይሪፎስ የሚባሉት መድኃኒቶች አንበጣውን የሚገድሉት ነርቩን በማወክ ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ሰውንም በዚያው መንገድ ይጎዳሉ። ስለዚህ ሹም የሆነ ሁሉ የተረጨውን ብቻ ሳይሆን፥ ወደ ሰው አካል የገባውንም ማስገመት ይገባዋል።

የተረጨውና ወደ አካል የገባው አንድ አይደለም። ክሎርፓይሪፎስ ለአንበጣ በሄክታር 240 ግራም ይረጫል፤ ሰው ዘንድ የሚደርሰው ግን በትንፋሽ፥ በቆዳ፥ በውኃና በምግብ የሚገባው ብቻ ነው። አገማመቱም እንዲህ ነው፤ በውኃው ያለው መጠን ይለካል፥ ሰው በቀን በሚጠጣው ሊትር ይባዛል፥ በሰውየውም ክብደት ይካፈላል። የምግቡም እንደዚሁ ተሠርቶ ይደመራል።

ሊቃውንት ለክሎርፓይሪፎስ የወሰኑት፥ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ቢወስደው አይጎዳውም ያሉት ልክ፥ ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 0.01 ሚሊግራም ነው። እንግዲህ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 0.6፥ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 0.2 ሚሊግራም ይሆናል። ለምሳሌ ያህል በሊትር 0.1 ሚሊግራም ያለበትን ውኃ ሁለቱም ቢጠጡ፥ 4 ሊትር የጠጣው ሰው 0.4 ወስዶ ከልኩ በታች ይቀራል፤ 2 ሊትር የጠጣው ልጅ ግን 0.2 ወስዶ ከልኩ ደረሰ፥ ምግቡም ገና አልተቈጠረም። ስለዚህ ግምት ሲሠራ ከልጅ መጀመር ይገባል።

ገናሌና ዳዋ በሚገናኙበት በዶሎ ኦዶ ይህ ነገር ይልቁን ይጠብቃል። ሙቀቱ ብዙ ውኃ ያስጠጣልና፥ ለአዋቂ ሰው በቀን 2 ሊትር ተብሎ የሚሠራው የተለመደ ሒሳብ በዚያ ያንሳል። ከወንዙም ሰውና ከብት ይጠጣሉ፥ እርሻም በመስኖ ይለማል።

የረጪዎቹ ነገር ደግሞ በደም ይመረመራል። ኮሊንኤስተሬዝ የሚባለው በደም ያለ ነገር ሥራ ሳይጀመር ይለካል፥ በኋላም እንደገና ይለካል፤ ከመጀመሪያው በ30 ከመቶ ከቀነሰ ሠራተኛው ከመድኃኒቱ ይራቅ። የመጀመሪያው ልኬት ከሌለ ግን የሚነጻጸርበት አይገኝም።

እንግዲህ የወረዳ ሹማምንት የሚከተለውን ያስፈጽሙ፤

፩ኛ፤ የተረጨበት ቀን፥ ስፍራ፥ የመድኃኒቱ ስምና መጠን ይመዝገብ።

፪ኛ፤ ወንዝ፥ ጕድጓድና ኩሬ እንዳይረጭባቸው አስቀድሞ ይለይ፤ ለሕዝቡና ለከብት ጠባቂዎቹም ይነገር።

፫ኛ፤ የመድኃኒቱ ባዶ በርሜልና ጀሪካን ተቈጥሮ ይሰብሰብ፤ ለውኃ መቅጃ ከዋለ ሒሳቡ ሁሉ ከንቱ ይሆናልና።